የድንጋዩ እርቦ ለማን ነው?

ነገሩ የጀመረው በአጥር ነው። ባለፈው ክረምት ገርጂ ያለው የእናቴ ቤት አጥር ጎርፍ ሥሩን በልቶት ወደ መንገዱ አዘነበለ። የሠፈሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ሥር ነውና ዛሬ ነገ ሳልል አንድ ሲኖትራክ ድንጋይ አዘዝኩ። ደላላው በስልክ "የካባ ድንጋይ ነው፤ አፈር የለበትም" ብሎ ማለልኝ። የድንጋዩን፣ የማጓጓዣውንና የአውራጆቹን ሒሳብ ከፈልኩ። ግንበኛው በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን የግንበኛው አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ እያዋዙ የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር አረፍ አሉ። ድንጋዩ ከየት እንደተጫነ ጠየቁኝ። ሾፌሩ የነገረኝን፣ ከቦሌ አራብሳ ወዲያ ያለውን ቦታ ስጠራላቸው ዝም አሉ። ቆየት ብለው "ስንት ገዛኸው፣ ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና ሳቁ። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

"ይኼ ከእኛ ማሳ የወጣ ድንጋይ ነው" አሉ። "ማሳውን ሲወስዱት የከፈሉኝ የጤፉንና የሽምብራውን ነው። የድንጋዩን ነገር ያነሣልኝ ሰው የለም።"

"ድንጋዩ የእርስዎ ነበር እንዴ፣ አባባ?"

"የማን ነበር ታዲያ?"

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከአሥር ዓመት በላይ ስለዚህች ከተማ ስጽፍ ስለ ኮንዶሚኒየሙ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሊዝ ጨረታው ብዙ ብያለሁ። እነዚህ ሁሉ የቆሙበት ድንጋይ ከማን ማሳ እንደወጣና የማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ አጥሩ እየተሠራ ሳለ የድሮና የአሁን ነጋሪት ጋዜጣ ማገላበጥ ያዝኩ። ያገኘሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ካባ ሁለት ትርጉም አለው

አዲስ አበባ የተኛችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል የረር፣ በምዕራብ ወጨጫና ፉሪ ዛሬ ጸጥ ብለው ቢታዩም የጥንት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከቦሌ እስከ ኮተቤ፣ ከገርጂ እስከ አያት ጥቁር አፈሩን ትንሽ ከገለጡት ድንጋይ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ ይህ ድንጋይ ለመሠረት፣ ለአጥር፣ ለአስፋልት ጠጠር፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ለኮብልስቶን ተፈለገ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ እስኪወለድ ድረስ፣ የገበሬው ማሳ የነበረው ሁሉ ወይ ሕንጻ ሆኗል ወይ የሕንጻ መሠረት የሚወጣበት ጉድጓድ።

ጉድጓዱን "ካባ" እንለዋለን። ጣሊያኖች የድንጋይ መቆፈሪያ ቦታን "ካቫ" ይሉታል፤ ቃሉም መንገድ ሲሠሩ ከነሱ አፍ የወረደ ይመስላል። በአማርኛችን ግን ካባ ነገሥታትና መኳንንት የሚደርቡት ልብስም ነው። መገጣጠሙ አጋጣሚ ቢሆንም ነገሩን ሳየው ያለ ምክንያት አልመሰለኝም። የድንጋዩ ካባ ታሪክ፣ የባለ ካባዎቹ ታሪክ ነውና።

"ሮያሊቲ" የሚለው ቃል ራሱ "ንጉሣዊ" ከሚል ቃል የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1568፣ እንግሊዝ አገር አንድ ታላቅ ክርክር ተካሄደ። በኖርዘምበርላንድ መስፍን መሬት ላይ መዳብ ተገኘ። መስፍኑ "መሬቱ የኔ ነው፣ መዳቡም የኔ ነው" አለ። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ "መዳቡ ውስጥ ወርቅና ብር አለበት፤ ወርቅና ብር ደግሞ የዘውድ ነው" አለች። ዳኞቹ ለንግሥቲቱ ፈረዱ። እኛ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" እንላለን። የእንግሊዙ መስፍን ንግሥቲቱን ተከራከረና ከመሬቱ በታች ያለውን አጣ። ከዚያ ወዲህ ማዕድን የሚያወጣ ሰው ለባለቤቱ የሚከፍለው ድርሻ ሮያሊቲ እየተባለ ቀረ።

የኛ ሰው ቃሉን ባያውቀውም ነገሩን ያውቀዋል። ጭሰኛ ለባለመሬቱ ሲሶ፣ እርቦ ወይም እኩል ይከፍል ነበር፤ ከምርቱ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ወይም ግማሹን ማለት ነው። አስራቱም ከዚያ ላይ ነበር። እንግዲህ ሮያሊቲን የድንጋይ እርቦ ብለን ብንጠራው አንሳሳትም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እርቦው ለማን ነው የሚለው ነው።

ወርቁ የዘውድ፣ ውሉ የባዕድ

የሽማግሌው አባት ጭሰኛ ነበሩ። ያ አገር በቃላድ ተለክቶ ለከተማ ባለሥልጣን ከተሰጠ በኋላ፣ የተወለዱበትን ማሳ በእርቦ ያርሱ እንደነበር ልጃቸው ነገሩኝ። ባለመሬቱ ከተማ ውስጥ ቤት ሲሠራ ድንጋዩ የተፈለጠው ከዚያው ማሳ ጫፍ ካለው ጉብታ ነው። ፈላጮቹም፣ በአህያ የጫኑትም ጭሰኞቹ ነበሩ። የተከፈለ ነገር አልነበረም። "ማን ይጠይቃል? መሬቱ የሱ ነው" አሉኝ።

ድንጋይ ርካሽ ነው፤ ባለመሬቱ ቢወስደው ከላይ ያለው መንግሥት አይቆጣም። ወርቅ ሲሆን ግን ከባለመሬቱም በላይ ባለቤት ይመጣል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የነቀምቴው ኩምሳ ሞረዳና የቄለሙ ጆቴ ቱሉ ለቤተ መንግሥት ግብር ያገቡት በወርቅ ነበር። ወርቁን ከወንዝ ዳር አጥቦ ያወጣውን ሰው ስም ታሪክ አልያዘልንም። ቀጥሎም የውጭ ሰዎች በውል መግባት ጀመሩ። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊ አልፍሬድ ኢልግ በወለጋ የወርቅ ፈቃድ አገኘ። ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ ደግሞ በ1910ዎቹ ዩብዶ ላይ ፕላቲኒየም አግኝቶ በስሙ የሚጠራ ኩባንያ አቆመ።

ከውሎቹ ሁሉ የሚያስደንቀው የ1927ቱ ነው። ነሐሴ 24 ቀን፣ የጣሊያን ጦር መረብን ሊሻገር አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ፈረመ። ውሉ በአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያዎች ለሚደገፍ ድርጅት ከአገሪቱ ግማሽ ያህሉን የሚሸፍን የነዳጅና የማዕድን መብት ለ75 ዓመት ይሰጣል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሰቡት ግልጽ ነው፤ አሜሪካኖች ገንዘባቸው ያለበትን አገር ጣሊያን አይደፍርም ብለው ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት ጣልቃ ገባና ኩባንያው በቀናት ውስጥ ውሉን ተወው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ።

በዚህ ውል መንግሥት ነበረ፣ ኩባንያ ነበረ፣ የውጭ መንግሥትም ነበረ። በዚያ መሬት ላይ የሚያርሰውና ግመል የሚጠብቀው ሰው ግን አልነበረበትም።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የነበረውን ልማድ በጽሑፍ አደረገው። በአንቀጽ 130 የተፈጥሮ ሀብት፣ ከምድር ሥር የሚገኘውም ሁሉ፣ የመንግሥት ሀብት ነው ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የመሬት ባለቤትነት ወደ ታች የሚወርደው ለመሬቱ አጠቃቀም እስካስፈለገ ድረስ ብቻ ነው አለ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ መሬት በግል በሚያዝበት፣ ባለ ርስቱ በሚፈራበት ዘመን ነው። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለው ተረት የሚሠራው ማረሻ እስከሚደርስበት ጥልቀት ነበር ማለት ነው።

መሬት ላራሹ፣ ድንጋይስ?

የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ ወጡ። በአሥረኛው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ። አንድ ገበሬ እስከ 10 ሔክታር ሊይዝ ይችላል፤ መሸጥ፣ ማከራየትና ማስያዝ ግን ተከለከለ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውም እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ።

ሽማግሌው ያን ዓመት ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። የአባታቸው እርቦ ቀረ። ማሳው በስማቸው በገበሬ ማኅበር መዝገብ ተጻፈ። ይህን ደስታ ያላዩ ሰዎች ሊያቃልሉት አይገባም፤ ጭሰኝነት የቀረው በዚያ አዋጅ ነው። ነገር ግን መሬት ላራሹ ተባለ እንጂ ድንጋይ ለፈላጩ አልተባለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለመንገድ ሥራ ተብሎ ከዚያው ጉብታ ድንጋይ ተጫነ። ያኔም የተከፈለ አልነበረም። "ማን ይጠይቃል? መሬቱ የመንግሥት ነው" አሉኝ። አነጋገራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የገጠርም የከተማም መሬት፣ የተፈጥሮ ሀብትም ሁሉ ባለቤትነቱ የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ሰው የራሱ የሚለው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ ከመሬት በላይ ያለው ሕግ ከዚህ ወደዚያ ተገለባበጠ፤ ርስት ነበረ፣ ተወረሰ፣ ይዞታ ሆነ፣ ሊዝ ሆነ። ከመሬት በታች ያለው ግን በሦስቱም ዘመን የመንግሥት ነው። እኔ ከነጋሪት ጋዜጣው ክምር ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ሦስት ብር ከመቶ

የማዕድን ሥራን ለግል ባለሀብት የከፈተው አዋጅ ቁጥር 52/1985 ነው። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 678/2002 ነገሩን በዝርዝር አስቀመጠ። ማዕድን የሚያወጣ ሁሉ ፈቃድ ይወስዳል፤ ለመሬቱ ኪራይ ይከፍላል፤ ከሚሸጠው ላይ ሮያሊቲ ይከፍላል። አዋጁ ሲወጣ የተወሰነው ሮያሊቲ ለከበሩ ማዕድናት 8 በመቶ፣ ለብረታ ብረት 5 በመቶ፣ ለኢንዱስትሪ ማዕድናት 4 በመቶ፣ ለግንባታ ድንጋይና አሸዋ 3 በመቶ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል።

ለምሳሌ ካባው በር ላይ በ10,000 ብር የተሸጠ ጭነት አለ እንበል። በ3 በመቶ ስሌት ሮያሊቲው 300 ብር ነው። በድሮው አስራት ቢሆን 1,000፣ በእርቦ ቢሆን 2,500 ብር በሆነ ነበር። ይህ 300 ብር የሚሄደው የት ነው? ሕገ መንግሥቱ የክልሎችን ገቢ ሲዘረዝር ከማዕድን ሥራ የሚገኝ ሮያሊቲንና የመሬት ኪራይን ይጠቅሳል፤ ከትልልቅ የማዕድን ሥራዎች የሚገኘውን ደግሞ ፌዴራሉና ክልሉ በጋራ ይሰበስቡታል። መንግሥት በገንዘቡ ትምህርት ቤት ይሠራበት፣ መንገድ ይሥራበት፤ በደፈናው መጥፎ ነው አልልም። ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ማሳው ጉድጓድ የሆነበት ሰው የሚባል ተራ ቁጥር የለም።

ለሱ ያለው ሌላ ሕግ ነው፤ የካሳ ሕግ። የሽማግሌው ማሳ የተወሰደው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በሚሠራበት ጊዜ ነው። በዚያ አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ያገኛል፤ በተጨማሪም ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኝ የነበረው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይከፈለዋል። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ከፍ አድርጎ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት ይባዛል አለ። ማሻሻያው ማሻሻያ ነው። ሁለቱም ግን የሚለኩት ከአፈር በላይ የበቀለውን ነው። ጤፍ በኩንታል ይቆጠራል። ድንጋዩ በሜትር ኩብ የሚቆጠረው ገበሬው ከሄደ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌው በሕግ ተበድለዋል? ገማቾቹ ከሕጉ ወጥተዋል ለማለት ማስረጃ የለኝም። ማሳውን ማንም አልሰረቃቸውም። ያስቸገረኝም ይኸው ነው፤ ሕጉ በትክክል ቢፈጸም እንኳ የሚደርሳቸው ያው ነው።

ቴክሳስ ያለው የአጎቴ ልጅ

ይህን ለአጎቴ ልጅ በስልክ ባጫውተው፣ "እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም፤ ባለመሬት የዘይቱም የጋዙም ባለቤት ነው" አለኝ። ዳላስ አጠገብ ቤት ገዝቶ ይኖራል። አልተሳሳተም። ቴክሳስ በስፔን ነገሥታት ሕግ ስትተዳደር ማዕድኑ የዘውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866፣ እኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ በነበሩበት ጊዜ፣ የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ማዕድኑን ለባለመሬቱ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያ ሲመጣ ከባለመሬቱ ጋር ይዋዋላል፤ ለፊርማው ገንዘብ ይከፍላል፤ ዘይት ወይም ጋዝ ሲወጣ ደግሞ ድርሻውን ይሰጣል። ለረጅም ዘመን የተለመደው ድርሻ ስምንተኛው እጅ፣ 12.5 በመቶ ነው።

ወሬው ደስ ብሎኝ "አንተስ ስንት ደረሰህ?" አልኩት። ሳቀ። የቤቱን ውል ሲያስነብብ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ሻጭ መሬቱን ሽጦ ማዕድኑን ለራሱ አስቀርቶ ኖሯል። እዚያ አገር የመሬቱ ገጽና ማዕድኑ ተነጣጥለው ይሸጣሉ። የአጎቴ ልጅ ሣሩን ያጭዳል፤ ከሣሩ ሥር ያለው የሌላ ሰው ነው። በሁለቱም አገር ትንሹን ሰው የሚጎዳው በእጁ ያለው ወረቀት ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደማይሰጠው ሳያውቅ መኖሩ ነው።

ስለዚህ ወረቀቶቹን እንለያቸው። የይዞታ ማረጋገጫ የመጠቀም መብት ነው፤ ድንጋዩን አይጨምርም። የከተማ ሊዝ ውልም ቢሆን፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ቢደርስ እንኳ፣ መሬቱን መጠቀም እንጂ ከሥሩ ያለውን ቆፍሮ መሸጥ አይፈቅድም። የማዕድን ፈቃድ ሌላ ወረቀት ነው፤ የሚሰጠውም ለጠየቀና መስፈርቱን ላሟላ ነው። የካሳ ግምት ደግሞ አራተኛው ነው፤ እሱ ላይ ከመፈረም በፊት እያንዳንዱ ዛፍ፣ እያንዳንዱ የጉድጓድ ውሃ፣ የየዓመቱ ምርት መመዝገቡን ማየት ይገባል። ከተፈረመ በኋላ ማንበብ ዋጋ የለውም።

ትንሽ ሰው ወደ ድንጋዩ የሚገባበት በር ካለ ሦስተኛው ወረቀት ነው። ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል ሲገኝ ገደሉን የቆፈሩት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተውም ሠርተዋል። ሥራው አደገኛ ነው፤ ገደል ተንዶ ሰው ገድሏል፤ ከዋጋው ላይ የደላላው እጅ ረጅም ነው። ቢሆንም ከድንጋዩ የሚገኘው ብር መንደሩን ሳይነካ አላለፈም። በከተማችን ዙሪያም ወጣቶች ተደራጅተው የኮብልስቶን ድንጋይ ሲጠርቡ አይተናል። የካባው ፈቃድ ሲሰጥ ማሳውን የለቀቀው ገበሬና ልጆቹ ቀድመው የሚጠሩ ቢሆን፣ ካሳው ካለቀ በኋላ ዘበኛና ቀን ሠራተኛ ሆኖ ከመቅረት ያድናቸው ነበር።

በእኔ እምነት ከዚህም በላይ መጠየቅ ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ ሀብቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል "የሕዝብ" የሚለው ቃል ለማሳመሪያ የገባ ካልሆነ፣ ከሕዝቡ መሐል የቀረበው ማሳው የተቆፈረበት ሰው ነው። ባለቤትነቱን ለሱ ስጡ አላልኩም። ከመቶ ብር ላይ ከሚነሡት ሦስት ብር ውስጥ አንዲቷ፣ ካባው እየሠራ እስካለ ድረስ፣ በየዓመቱ ወደ ለቀቀው ገበሬና ወደ መንደሩ ብትመለስ የሚፈርስ መንግሥት የለም። ካሳ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ካባው ግን ለዓመታት ይጫናል።

አጥራችን አልቋል። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ልጃቸው በደንብ ገንብቶታል። ያነበብኩትን ሁሉ፣ የንግሥቲቱንም፣ የሪኬትንም፣ የሦስቱን መንግሥታትም ሕግ ባጭሩ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

"ታዲያ የኔ አልነበረም በለኛ" አሉ።

"በሕጉ አልነበረም፣ አባባ።"

"ሲወስዱት ግን ለቅቀህ ውጣ የተባልኩት እኔ ነኝ" አሉና ልጃቸውን አስከትለው ወጡ።